ሕመሙ ሲያልፍ መድኃኒቱን መተው? የሪህ መድኃኒት ታሪክ የሚያስተምረን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

 

የዛሬውን ርዕስ የመረጥነው እኛ ራሳችን ከሠራነው ስህተት ተነሥተን ነው። በመስጊዳችን ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፉ አንድ ሐጂ አሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ለሱብሒ ሳይመጡ ቀሩ። ልንጠይቃቸው ብንሄድ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው እየጮኹ አገኘናቸው። ሐኪም ቤት ተወስደው ደማቸው ሲመረመር ዩሪክ አሲድ የተባለው ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በሽታው ሪህ ነው ተባሉ። ለሕመሙ ማስታገሻ፣ ለዩሪክ አሲዱ ደግሞ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ በሁለት እግራቸው ቆመው ወደ መስጊድ ተመለሱ።

አንድ ቀን ከዙህር ሰላት በኋላ ጠጋ ብለው፣ «ሸይኻችን፣ አላህ ካሻረኝ በኋላ ይህን ክኒን በየቀኑ መዋጤ የተወኩል ጉድለት አይሆንብኝም?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «ሐጂ፣ አልሐምዱሊላህ ከዳኑ ምን ያደርግልዎታል? አላህን ያመስግኑና ይተዉት» አልናቸው። እሳቸውም የኢማም ቃል ነው ብለው ተዉት። ዓመት ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ በጣት ብቻ አልቆመም፤ ጉልበታቸውንና የግራ እጃቸውን ጨምሮ ያዛቸው። ለአራት ወራት ያህል ሰላታቸውን በወንበር ላይ ሆነው ሰገዱ። ሐኪማቸው «መድኃኒቱን ማን አስቆመዎት?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ሐጂ እኛን ላለማሳፈር ዝም አሉ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ማስተማራቸውን በመድረሳ ተምረናል፤ ለሌሎችም አስተምረናል። ያ ትምህርት ለራሳችን መሆኑን ግን ያን ቀን ዘነጋነው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ በሽታና ስለ መድኃኒቱ ታሪክ ማንበብና ባለሙያዎችን መጠየቅ ጀመርን። ያገኘነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ። ሂጅራ ካላልን በስተቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ጥንታዊነት

በአገራችን «ሪህ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። መገጣጠሚያ የሚያም በሽታ ሁሉ፣ ከእርጅናም ይምጣ ከሌላ ምክንያት፣ በተለምዶ ሪህ ይባላል። እዚህ የምንናገረው ግን በዩሪክ አሲድ ምክንያት ስለሚመጣውና ሐኪሞች «ጋውት» ስለሚሉት አንድ በሽታ ብቻ ነው። ዐረቦች «ኒቅሪስ» ይሉታል። የጥንት ግሪኮች ደግሞ እግርን እንደሚይዝ ወጥመድ ስለቆጠሩት «ፖዳግራ» ብለው ሰይመውት ነበር። ሌሊት በድንገት መጥቶ ጤነኛውን ሰው አልጋ ላይ ጠፍሮ ስለሚጥለው ስሙ ልክ ነው።

ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት ከአራት መቶ ዓመታት በፊት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ሂፖክራተስ በሽታውን ያውቀው ነበር። ሴቶች የወር አበባቸው እስኪቋረጥ ድረስ ይህ በሽታ እንደማይዛቸውም አስተውሎ ጽፏል፤ የዛሬ ሐኪሞችም ይህ አስተውሎት በአብዛኛው ትክክል እንደሆነ ይናገራሉ። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን «የነገሥታት በሽታ» ሲባል ኖሯል። ሥጋና የሚያሰክር መጠጥ የሚያበዛ ሰው ብቻ የሚታመመው ይመስላቸው ነበርና።

ይህ አስተሳሰብ በእኛም ዘንድ አለ። ሪህ የያዘውን ሰው «ጮማው ነው የጣለህ» ብለን እንስቅበታለን። ሆኖም ዛሬ እንደሚታወቀው ከምግብ ይልቅ የዘር ውርስና የኩላሊት አሠራር ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ዩሪክ አሲድ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። ከሕዋሳታችንና ከምግባችን ውስጥ ያሉ ፑሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲፈርሱ የሚቀር ጥራጊ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ጥራጊ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ ቀሪው በአንጀት በኩል ይወጣል። የአብዛኞቹ ሕሙማን ችግር ኩላሊታቸው በበቂ መጠን አለማስወጣቱ ነው። ስለዚህ ሐጂን «ምን በልተው ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ልናፍር ይገባን ነበር።

ሱሪንጃን፦ በመድኃኒትና በመርዝ መካከል

ለዚህ በሽታ ሰዎች ካገኟቸው መድኃኒቶች እስከ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያለው ጥንታዊው፣ በዐረብኛ «ሱሪንጃን» ከሚባለው ተክል የሚገኘው ነው። ሥሩ እንደ ሽንኩርት ድብልብል ነው። አበባው ሐምራዊ ሆኖ፣ በአውሮፓ የሚበቅለው ዝርያ በመጸው ወራት ያብባል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቢዛንታይን ሐኪም የትራሌሱ አሌክሳንደር ከዚሁ ወገን የሆነ ሥር ለሪህ ሕሙማን ይሰጥ ነበር።

ከዚያም ዕውቀቱ ወደ ሙስሊሙ ዓለም ገባ። በ313 ዓመተ ሂጅራ (በ925) ያረፈው ታላቁ ሐኪም አቡበክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ ስለ መገጣጠሚያ ሕመምና ስለ ኒቅሪስ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። ከእሱ በኋላ ከ370 እስከ 428 ዓመተ ሂጅራ (ከ980 እስከ 1037) የኖረው ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተሰኘው ግዙፍ መጽሐፉ ሱሪንጃንን ለመገጣጠሚያ ሕመም ከሚጠቅሙ መድኃኒቶች ቆጥሮታል። ይህ መጽሐፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በስፔኗ ቶሌዶ ከተማ በክሬሞናው ጄራርድ ወደ ላቲን ተተርጉሞ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

በዚህ የምንኮራ ከሆነ ሊያኮራን የሚገባው የተክሉ ስም በመጽሐፋችን መገኘቱ ብቻ አይደለም። ኢብን ሲና አንድ መድኃኒት መሥራቱን ለማወቅ የመሞከሪያ ደንቦችን በዝርዝር አስቀምጧል። መድኃኒቱ ከሌላ ባዕድ ነገር ጋር ሳይቀላቀል መሞከር አለበት፤ ውጤቱም አንድ ጊዜ በአጋጣሚ የታየ ሳይሆን በብዙ ሰዎች ላይ የሚደጋገም መሆን አለበት ብሏል። «ጎረቤቴን አድኖታልና እኔንም ያድነኛል» የሚል ሰው የኢብን ሲናን መንገድ አልተከተለም ማለት ነው።

ቀደምት ሐኪሞች ሱሪንጃን ሆድን እንደሚጎዳም ያውቁ ነበር። ጥቂቱ ያስታግሳል፤ ሲበዛ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ ከዚያም ሲያልፍ ይገድላል። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ ተክሉ መርዝ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ተፈርቶ ቆየ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኒኮላ ሁሶን የሚባል የፈረንሳይ ጦር መኮንን ምን እንዳለበት የማይናገረውን አንድ ውኃ ለሪህ መሸጥ ጀመረ። ውኃው በእርግጥ ያስታግስ ነበርና ዝናው በአውሮፓ ተሰማ። በ1814 ጆን ዋንት የተባለ እንግሊዛዊ የምስጢሩ ውኃ ኃይል የሚመጣው ከዚያው ከጥንቱ ተክል እንደሆነ አሳወቀ። በ1820 ደግሞ ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች ዋናውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ዛሬ ኮልቺሲን የሚባለው ክኒን የዚህ ታሪክ ፍሬ ነው።

ታዲያ መጠኑስ? እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሐኪሞች ሕመሙ እስኪታገስ ወይም ሆድ እስኪረበሽ ድረስ በየሰዓቱ ኮልቺሲን ያስውጡ ነበር። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ግን ሕመሙ እንደጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ 1.8 ሚሊግራም፣ በስድስት ሰዓት ከሚወሰድ 4.8 ሚሊግራም ያላነሰ እንደሚያስታግስ፣ ተቅማጡም እጅግ እንደሚቀንስ አሳየ። ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ የተጠቀሙበት መድኃኒት ትክክለኛ መጠኑ የተስተካከለው በእኛ ዕድሜ ነው! በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህን ክኒን ክላሪትሮማይሲን ከተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጋር አንድ ላይ ወስዶ ሕይወቱ እስከማለፍ የደረሰበት አጋጣሚ አለ። «ከተክል የተገኘ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ነጩ ቅንጣትና የደም ምርመራው

አሁን ሐጂንም እኛንም ወዳሳሳተው ነጥብ ደረስን። ሱሪንጃን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የሕመሙን ምንጭ አያደርቅም። ይህን ልዩነት ለመረዳት የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ወስዶበታል።

በ1679 ሆላንዳዊው ሊዩወንሁክ በራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ከአንድ የሪህ ሕመምተኛ እባጭ የወጣ ነጭ ነገር ሲመለከት እንደ መርፌ የሾሉ ቅንጣቶች አየ፤ ምንነታቸውን ግን አላወቀም። በ1776 ሼሌ የተባለ የስዊድን የኬሚስትሪ ሊቅ ከሽንት ጠጠር ውስጥ ዩሪክ አሲድን ለየ። በ1797 እንግሊዛዊው ዎላስተን በሪህ እባጭ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ከዚሁ ዩሪክ አሲድ የተሠራ መሆኑን አረጋገጠ። በ1848 ደግሞ የለንደኑ ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በሪህ ሕሙማን ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ከመጠን በላይ መኖሩን አሳየ። የጋሮድ ዘዴ ቀላል ነበር። ከደሙ የተለየውን ውኃማ ክፍል ከአሲድ ጋር ቀላቅሎ ቀጭን ክር ይነክርበታል፤ ዩሪክ አሲዱ የበዛ ከሆነ ክሩ ላይ ቅንጣቶች ተለጥፈው ይገኛሉ።

ነገሩን በስኳርና በሻይ ምሳሌ እንረዳው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨመር እስከ አንድ ልክ ድረስ ይሟሟል፤ ልኩ ሲያልፍ ትርፉ ከታች ይዘቅጣል። ዩሪክ አሲድም በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 7 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ መሟሟቱን ያቆምና በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ እየሾለ ይዘቅጣል። ሰውነት ይህን ቅንጣት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ያ ከባድ ሕመም ይነሣል። ውጊያው በረድ ሲል ሕመሙ ይጠፋል፤ ቅንጣቶቹ ግን እዚያው ናቸው። ሐጂ «ዳንኩ» ያሉን፣ እኛም «ከዳኑማ» ያልናቸው በዚህ ጊዜ ነበር። በእርግጥ የቆመው ውጊያው ብቻ ነው፤ ጠላቱ በጉልበታቸውና በጣቶቻቸው ውስጥ እየተጠራቀመ ነበር።

ሌላ በሽታ ሲፈለግ የተገኘ መድኃኒት

ምንጩን የሚያደርቁ መድኃኒቶች የተገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በመጀመሪያ ፕሮቤነሲድ መጣ። ይህ መድኃኒት የታሰበው ፔኒሲሊን በጣም ውድ በነበረበት ዘመን ከሰውነት ቶሎ በሽንት እንዳይወጣ ለማድረግ ነበር፤ ዩሪክ አሲድን ግን በተቃራኒው እንደሚያስወጣ ታየና ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለሪህ ዋለ።

ከዚያ አሎፑሪኖል ተከተለ። ከባለቤቶቹ አንዷ ጌርትሩድ ኤሊየን ትባላለች። በ1918 በኒውዮርክ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለደች። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች የምትወዳቸው አያቷ በጨጓራ ካንሰር ሲሞቱ አይታ ዕድሜዋን መድኃኒት ለመፈለግ ልትሰጥ ወሰነች። በኬሚስትሪ ብትመረቅም ሴት በመሆኗ የሚቀጥራት ቤተ ሙከራ አጣች፤ ለጊዜው በአንድ የምግብ ድርጅት የምግብ ጥራት ትፈትሽ ነበር። በ1944 ጆርጅ ሂቺንግስ ከሚባለው ተመራማሪ ጋር መሥራት ጀመረች። ሁለቱ በአንድነት ሜርካፕቶፑሪን የተባለውን የሕፃናት የደም ካንሰር መድኃኒት አገኙ።

ይህ የካንሰር መድኃኒት ግን በሰውነት ውስጥ ቶሎ ይፈርስ ነበር። የሚያፈርሰው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን ለማገድ አሎፑሪኖልን ሞከሩት፤ አገደውም። ዩሪክ አሲድን የሚሠራውም ያው ኢንዛይም ስለሆነ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ዩሪክ አሲዱ ወረደ! ዌይን ራንድልስ የተባለ ሐኪም ከእነሱ ጋር ሆኖ ለሪህ ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን በ1963 አሳተመ፤ በ1966 መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። ኤሊየንና ሂቺንግስ በ1988 ከሌላ ተመራማሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። አሎፑሪኖል ዛሬም ለዚህ በሽታ በመጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት ነው።

ታሪኩ ካስተማረን ጥንቃቄ

ውድ አንባቢዎቻችን፣ የአሎፑሪኖል ታሪክ በዚህ አላበቃም። መድኃኒቱን በደኅና መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ሃምሳ ዓመት ወስዷል። ከዚህ ትምህርት ዋና ዋናውን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ በጥቂቱ ይጀመራል። በቀድሞው ዘመን ብዙ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊግራም ያዝዙ ነበር። ዛሬ የሚመከረው ከ100 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ከዚያም አሳንሶ ጀምሮ፣ በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየተመረመረ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ግቡ ዩሪክ አሲዱን ከ6 ሚሊግራም በታች ማውረድና እዚያው ማቆየት ነው። ስለዚህ «ለእኔ አንድ ክኒን አዘዙልኝ፣ ለጎረቤቴ ሦስት፤ ሐኪሙ አዳልቷል» አይባልም። መጠኑ ለእያንዳንዱ ሰው በደሙና በኩላሊቱ ልክ የሚሰፈር ነው።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። ዩሪክ አሲዱ ሲወርድ በመገጣጠሚያ የተከማቹት ቅንጣቶች መሟሟትና መነቃነቅ ይጀምራሉ፤ ሰውነትም ይቆጣል። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ ሐኪሞች ከሦስት እስከ ስድስት ወር ለሚሆን ጊዜ ጥቂት ኮልቺሲን ወይም ሌላ መከላከያ አብረው ያዝዛሉ። አሎፑሪኖልን ቀድሞ የጀመረ ሰው ሕመሙ ቢነሣበት ሕመሙን ያሳክም እንጂ አሎፑሪኖሉን በራሱ ፈቃድ አያቁም።

ሦስተኛ፣ የቆዳ ሽፍታ ከታየ ግን ነገሩ ይለያል። ከብዙ ሰዎች መካከል በጥቂቶች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ፣ መድኃኒቱ ቆዳን የሚልጥ፣ ትኩሳት የሚያመጣ፣ ጉበትና ኩላሊትን የሚጎዳ፣ ሊገድልም የሚችል ቁጣ ይቀሰቅሳል። ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የአፍ ወይም የዐይን ቁስለት ያየ ሰው መድኃኒቱን ወዲያውኑ አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። «ያልፋል» ብሎ መዋጡን መቀጠል ነፍስን ለጥፋት መስጠት ነው። በ2005 የታይዋን ተመራማሪዎች ይህ አደጋ የደረሰባቸውን 51 ሰዎች መርምረው ሁሉም አንድ ዓይነት የዘር ምልክት እንዳላቸው አገኙ። በ2020 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተወላጆችና ጥቁር አሜሪካውያን መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት ይህ ምርመራ እንዲደረግላቸው መክሯል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ስለዚህ ምርመራ ሐኪማችሁን ብትጠይቁ አይከፋም።

አራተኛ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። አሎፑሪኖል ሜርካፕቶፑሪን እንዳይፈርስ ለማድረግ እንደተሞከረ አንብበናል። ከሜርካፕቶፑሪን የተወለደው አዛታዮፕሪን ኩላሊት ለተተከለላቸውና ለሌሎች ሕሙማን ይሰጣል። ሐኪሙ ሳያውቅ ሁለቱ ቢገናኙ አዛታዮፕሪኑ በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ የደም ሕዋሳትን ያጠፋል። አንዳንድ ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። እነሱንም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ ይቀየሩ እንደሆን እንጂ በራስ ፈቃድ አይተዉም።

አምስተኛ፣ አዲስ መድኃኒት ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ፌቡክሶስታት የተባለው በ2009 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2018 የወጣ ጥናት የልብ ሕሙማንን በተመለከተ ሥጋት ስላነሣ በ2019 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ በ2020 የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናት ግን ያንን ሥጋት አላገኘም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ይወስናል። ከመድኃኒት ቤት «አዲሱን ስጠኝ» ብሎ የሚገዛው ዕቃ አይደለም።

ምግብ፣ ጾምና ተወኩል

ጉበትና ኩላሊት ያለበትን ምግብ፣ ለምሳሌ ዱለትን፣ ሥጋ ማብዛትንና ጣፋጭ ለስላሳ መጠጦችን መቀነስ ይጠቅማል። ሽሮና ምስርን ግን በከንቱ አትፍሩ፤ ጥናቶች እንዳሳዩት የጥራጥሬ ፑሪን እንደ ሥጋው ለሪህ አያጋልጥም። ያም ሆኖ በምግብ ብቻ ዩሪክ አሲድን ወደ ግቡ ማውረድ ለአብዛኛው ሕመምተኛ አይሳካም።

የረመዳን ጾምን በተመለከተ አሎፑሪኖል በቀን አንድ ጊዜ ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውኃ በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል፤ የውኃ ጥማት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላልና። ኩላሊቱ የታመመ ወይም ሕመሙ የተነሣበት ሰው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ለታመመ ሰው አላህ (ሱ.ወ.) ሩኽሷ ሰጥቷል፤ ሩኽሷን መጠቀም ደግሞ የኢማን ድክመት አይደለም።

የሐጂ ጥያቄ የተወኩል ጥያቄ ነበር። ያን ቀን ልንመልስላቸው ይገባን የነበረው ይህ ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዱዓ አድርገው ብቻ አልተዉአቸውም፤ ወደ ሰቂፉ ሐኪም ወደ ሓሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ ነግረዋቸዋል። ተወኩል ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ዕለታዊው ክኒን ሰበብ ነው። ጤነኛ ሆነን ሳለ የምንወስደው መሆኑ ሰበብነቱን አያስቀረውም፤ እርሻውን ያጠረ ገበሬ ከብቱ ስላልገባበት አጥሩን አያፈርስም።

የመድኃኒቱን ታሪክ አንብበን የተማርነው አንድ ነገር ነው፤ ሕመምን ማስታገስ ሌላ፣ ምንጩን ማድረቅ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የቀናት ሥራ ነው። ሁለተኛው የዓመታት ሥራ ሲሆን ለአብዛኛው ሰው የዕድሜ ልክ ነው። የመጀመሪያውን ካገኘን በኋላ ሁለተኛውን የምናቋርጥ ከሆነ ሕመሙ ጊዜ ጠብቆ ይመለሳል።

ሐጂ ወደ ሐኪማቸው ተመለሱ። መድኃኒቱን ከጥቂቱ እንደገና ጀመሩ። በሁለተኛው ወር ጣታቸው እንደገና ሲያብጥ ሊጥሉት ደርሰው ነበር። በዚያ ጊዜ እኛ ያልናቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሐጂ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተነሡ አብረን እንሂድ።» አብረን ሄድን፤ ሐኪሙም አጽናናቸው። ያጠፋነውን ጥፋት እኛ ራሳችን በሐኪሙ ፊት ተናገርን። ሁለት ዓመት አለፈ። ዛሬ ሐጂ በተሸሁድ ሲቀመጡ የቀኝ እግራቸውን ጣቶች ወደ ቂብላ አጥፈው ይቀመጣሉ። የግራ እጃቸው አንዲት ጣት ግን እንደተጣመመች ቀርታለች። ለሰላምታ እጃቸውን በዘረጉልን ቁጥር ያችን ጣት እናያለን፤ አላህ (ሱ.ወ.) ይቅር እንዲለንም እንለምናለን።

እናንተም ኢማሞችና ዑስታዞች የሆናችሁ ወንድሞቻችን፣ የታመመ ሰው ስለ መድኃኒቱ ሲጠይቃችሁ «ሐኪምህን ጠይቅ» ማለት ዕውቀታችሁን አያሳንሰውም። እናንተም ሕሙማን፣ «ሸይኹ ፈቅደውልኛል» ብላችሁ ክኒናችሁን አትጣሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ለባለሙያዎቻችን ዕውቀትና ትዕግሥት ይጨምርላቸው።